«ጃጁ» ከማለታችሁ በፊት፦ የአረጋውያንን ማስታወስ በኖሩበት አገር ልክ እንዴት እንደምትመዝኑ

አክስቴ እስክሪብቶውን የያዙት በጭብጣቸው ነው። በዕድሜያቸው ሙሉ እንዝርት እንጂ እስክሪብቶ ይዘው አያውቁም። ሐኪሙ ሁለት የተጠላለፉ ባለአምስት ማዕዘን ቅርጾች ያሉበት ወረቀት ሰጣቸውና «ይቺን አስመስለው ይሳሉልኝ» አላቸው። ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እሺ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይንገሩኝ።» ዝም። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ ግን ፈጠን ብለው «ማርያም ናት» አሉ። ሐኪሙ ኤክስ አደረገበት። ቀኑ ነሐሴ 21 ነበር። ማርያም ናት።

ጊዜው 2013 ነው። አክስቴ ከመቄት ተፈናቅለው ደሴ እኔ ቤት ከገቡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር። ከ30 ያገኙት 13 ነው። «የመርሳት በሽታ ነው፣ ዕድሜም አለ» ተብለን ወጣን። እኔ ራሴ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ያን ቀን ግን የተባልኩትን አምኜ ባጃጅ ውስጥ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

በዚያው ዓመት የባለቤቴ አባት ያንኑ ፈተና ተፈተኑ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ደሴ ተወልደው ደሴ ያረጁ። ከ30 28 አመጡ። «ምንም የለባቸውም» ተባለ። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከፒያሳ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው ሰው ይዟቸው መጥቷል። አርባ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው።

ዛሬ አክስቴ ጥጥ ይፈትላሉ፣ የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ከነእናቱ ስም ይጠራሉ። አማቴ ግን ስሜን ረስተውታል። ሁለቱም ላይ የተሳሳትነው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰዎቹን ከራሳቸው ትናንት ጋር ሳይሆን ከአንድ ወረቀት ጋር ስላወዳደርናቸው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን እያያችሁ «መርሳት ጀመሩ ይሆን?» የምትሉ ከሆነ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ በቤቴም በሥራዬም የምከተለውን መንገድ ልንገራችሁ።

አገር ለአገር ለምን ይለያያል

ያ ባለ 30 ነጥብ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ማንበብ፣ መጻፍ፣ መሳል፣ መቀነስ አለበት። ስለዚህ አእምሮን ብቻ አይለካም፣ ትምህርት ቤትንም ይለካል። ያልተማረ ጤነኛ ሰው ይወድቅበታል። የተማረ ሰው ደግሞ በሽታው ከገባ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ትምህርት ለአእምሮ እንደ ስንቅ ነው። ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር አክስቴ ሠላሳዎቹን ጀምረው ነበር። «ልጅ አዝዬ፣ ውኃ ተሸክሜ፣ መቼ ልማር?» ይላሉ። በእሳቸው ዕድሜ ያለች የወሎ ገጠር ሴት ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ቦታ ግን በፈተና ላይ ብቻ አይደለም ልዩነት የሚያመጣው። አእምሮው ራሱ እንዴት እንደሚያረጅም ይወስናል። ናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችንና አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ጎን ለጎን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲወጣ፣ በዓመት ከመቶ አረጋውያን መካከል አዲስ የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው ኢንዲያናፖሊስ 3.24፣ ኢባዳን 1.35 ነበሩ። የዘር ሐረጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ የሚያረጁበት አገር ግን ለየቅል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ስትሮክ የሚበዛበት ደቡብ ምሥራቁ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች ከሌላው አካባቢ ይልቅ የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው ይበልጥ ሲዳከም ታይቷል። ስትሮክን የሚያመጣው ደም ግፊት አእምሮንም ይጎዳል ማለት ነው።

ስለ ረሃብም ማንሳት አለብኝ፣ ወሎ ነንና። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ሆላንድ ውስጥ ከባድ ረሃብ ነበር። በዚያ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ወደ ስልሳ ሲጠጉ ተፈትነው፣ ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በ66ቱ ድርቅ ሕፃን የነበሩ የወሎ ልጆች አሁን ሃምሳን አልፈዋል። እኔ እነዚህን ሰዎች ሳገኝ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ሳልለካ አልሸኝም። ያኔ የተወሰደባቸውን መመለስ አንችልም። የቀረውን ግን መጠበቅ እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2024 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት የባለሙያዎች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ 14 ነገሮችን በዕድሜ ሙሉ ማስተካከል ቢቻል ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከ14ቱ ውስጥ የትምህርት ማነስ፣ የዓይን መድከም፣ የጆሮ አለመስማት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድብርት፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለት አሉበት። ደጃችን ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ ትናንታቸውን ጻፉ

አንድ ደብተር ግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ምን ይችሉ እንደነበር ጻፉ። በጥቅሉ «ጎበዝ ነበሩ» አትበሉ። ገበያ ሄደው በርበሬ ተከራክረው ይገዙ ነበር? መልስ ቆጥረው ይመጡ ነበር? የዕድር ተራቸውን ራሳቸው ያስታውሱ ነበር? ሽምግልና ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ነገር ይዘው ይፈርዱ ነበር? ሊጡ መቼ እንደተቦካ፣ ላሚቱ መቼ እንደምትወልድ ያውቁ ነበር? ጎረቤትም ጠይቁ። ከሩቅ ከተማ ስልክ ብቻ የሚደውል ልጅ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ዕድሜያቸውን ካላወቃችሁ «ጣሊያን ሲወጣ የስንት ዓመት ልጅ ነበሩ?»፣ «ንጉሡ ሲወርዱ አግብተው ነበር?» እያላችሁ አስሉት።

ከዚያ አሁን የቀነሰውን ጻፉ። መቼ ጀመረ? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «አባባ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል፣ ምንም አልሆነም» ይላሉ። ወይም «ሸሁ መንዙማውን አንድ ቃል ሳይስቱ ይዘልቁታል» ይላሉ። በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ከአእምሮ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የሚጠፋው አዲሱ ነው። ትናንት ማን መጣ? ባለፈው ሳምንት ማን ቤት ለቅሶ ደረሱ? የልጅ ልጃቸው አሁን ስንተኛ ክፍል ነው? እዚያ ላይ አተኩሩ። አማቴ የ1960ዎቹን ተማሪዎቻቸውን በስም እየጠሩ፣ ምሳ መብላታቸውን ግን ያላስታወሱበት ቀን ነበር። እኛ የመጀመሪያውን ሰምተን ደስ አለን፣ ሁለተኛውን አለፍነው።

ዓይን፣ ጆሮ፣ ግፊት፣ ሀዘን

የአክስቴ ነገር የተፈታው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ነበረበት። ወረቀቱን አይተው የመለሱት ቅርጹ ስላልገባቸው ብቻ አይደለም፣ አልታያቸውም። የእኛ ክልል ደግሞ ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዓይን ፀጉራቸው ወደ ውስጥ ዞሮ እየወጋቸው በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ማየት የማይችል ሰው የመጣውን እንግዳ «ማን ነህ?» ቢል ረሳ ማለት አይደለም።

ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ነበር። ጠብታ አድርገንበት ለስልሶ ሲታጠብ ከሁለቱም ጆሮ የወጣው ቁራጭ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር። በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው «ኧረ እነዚህ ዶሮዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት?» አሉ። ዶሮዎቹ ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ እንደዚያው ሲጮኹ ነበር። እባካችሁ በክብሪት እንጨት ወይም በፀጉር ሽቦ አትጎርጉሩ። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ግፊታቸው 170 በ100 ነበር። በሕይወታቸው ተለክተው አያውቁም።

ከሁሉም በላይ ግን ሀዘን ነበረባቸው። ቤታቸውን ትተው ነው የመጡት። ቦራ ላማቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ነበር፣ ጎረቤቱም ከተፈናቃዮቹ አንዱ ሆነ። ሌሊት አይተኙም። ቀን ጥያቄ ስትጠይቋቸው መልሱ ሩቅ ነው። ሀዘንና ድብርት በአረጋዊ ላይ ቁርጥ መርሳትን ይመስላሉ። ልዩነቱን እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ ሀዘን ያለበት ሰው «አላውቅም፣ ተወኝ» ይላል። የመርሳት በሽታ የያዘው ብዙ ጊዜ ለመመለስ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ጉድለቱንም ለመሸፈን ያሳብባል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ግን ልብ በሉት።

ነገሩ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት ከመጣ ደግሞ አርጅተው አይደለም፣ ታመው ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ ቆቦና ባቲ በመሰለ ቆላ ደግሞ ወባ አረጋዊን ሲያስቀባዥሩ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ የሚጾሙ ከሆነ፣ በዓቢይ ጾምም በረመዳንም፣ ስኳራቸው ወርዶ ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። ጾሙን ሳይጀምሩ ሐኪማቸውን ያማክሩ። የእንቅልፍ ኪኒን፣ ለጉንፋን ተብለው የሚገዙ እንቅልፍ የሚያመጡ ኪኒኖችም ያደነዝዛሉ። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ይህን ጽሑፍ አትጨርሱ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ቡና ላይ የሚደረግ ምዘና

ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ባለው ሃይ ወረዳ፣ ተመራማሪዎች ላልተማሩ የገጠር አረጋውያን የሚሆን አጭር መመዘኛ ሠርተዋል። እስክሪብቶ የለበትም። በክብሪት እንጨት ቅርጽ ማስመሰል፣ እንስሳትን መጥራት፣ ቃላትን ይዞ ቆይቶ መመለስ፣ «ድልድይ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ፣ ቀኑንና የአካባቢውን አለቃ ማወቅ ነው። እኔ ያንን ሐሳብ ይዤ ለወሎ ቤት አመቻቸሁት። የበሽታ ስም ለመስጠት አይደለም። ዛሬን ከስድስት ወር በኋላ ጋር ለማወዳደር ነው።

እንግዳ በሌለበት ቀን ቡና አፍሉ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ሰው ፊት ሲጠየቅ ይዘጋል። አቦሉ ሲቀዳ እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ አምስት ነገር ልጥራልዎት፣ በረካ ላይ መልሰው ይነግሩኛል። ምጣድ፣ በቅሎ፣ ቅቤ፣ እሾህ፣ ጨረቃ።» ሦስት ጊዜ አስደግሟቸው። ከዚያ ሌላ ወሬ አውሩ።

ቶናው ላይ የሚያውቋቸውን እንስሳት በአንድ ደቂቃ ይጥሩ። ቁጠሩና ጻፉ። ሰዓቱን በስልክ ያዙ እንጂ «ቶሎ በሉ» አትበሉ። አክስቴ «ላም» ብለው አላቆሙም። ቦራ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ እያሉ በመልክ በመልካቸው ጠሯቸው። እኔ እንደ አንድ ልቆጥር ነበር። ልጄ ነው «ለእሳቸው እኮ የተለያዩ ናቸው» ያለኝ። በቁጥሩ ላይ አልጨመርኳቸውም፣ ጎን ላይ ግን ጻፍኳቸው። አእምሯቸው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ያሳየኝ እሱ ነው።

ቀኑን ስትጠይቁ ቁጥሩን አትጠይቁ። «ዛሬ ማን ይውላል?» በሉ፤ ሚካኤል ነው፣ ጊዮርጊስ ነው፣ ባለወልድ ነው? እስላም ከሆኑ «ጁምዓ ስንት ቀን ቀረው? ረጀብ ገባ ወይስ ሻዕባን?» በሉ። የገበያ ቀንም ይሠራል። የቀበሌው ሊቀመንበር ማን እንደሆነ ጠይቁ። ድልድይ ምን እንደሆነ ይንገሯችሁ።

ከዚያ ክብሪቱ። አራት እንጨት ወስዳችሁ እሳቸው እያዩ አንድ ቅርጽ ሥሩ፣ ለምሳሌ አራት ማዕዘን፣ የክብሪቶቹ ጭንቅላቶች ተከታትለው በአንድ ወገን የሚዞሩበት። ሌላ አራት እንጨት ስጧቸውና አጠገቡ ያስመስሉት። ዓይናቸው ለደከመ ረዘም ያለ ስንጥር ተጠቀሙ። አክስቴ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ፣ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ፣ ሦስተኛው ላይ ጭንቅላቱ ወደተሳሳተ ወገን መዞሩን አይተው ራሳቸው አገላበጡት። እስክሪብቶውን እንደዚያ የፈሩት እጆች ናቸው።

በረካው ላይ አምስቱን ቃላት ጠይቁ። ከጠፋባቸው ፍንጭ ስጡ፦ «አንዱ የሚጋልቡት ነው።» በፍንጭ የሚመጣና በፍንጭም የማይመጣ ይለያያል። ሁለቱንም ጻፉ።

ለተማረ አረጋዊ ይህ ይቀላል። ለአማቴ ዓይነቶቹ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የጡረታ ብራቸውን ሒሳብ ይሥሩ። የሰሙትን ዜና ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሰው ይንገሯችሁ። አዲስ ስልክ መጠቀም ይማሩ። አንድ ሰፈር ሄደው ይመለሱ፣ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ተከተሏቸው። ፈተና ማለፋቸውን ብቻ አትመኑ።

ቋንቋም አለ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ አረጋውያን ሞልተዋል። በአማርኛ ጠይቃችሁ «ዘገዩ» አትበሉ።

ከገጠር ያመጣችኋቸው ከሆነ

ከመጡ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ምንም አትፍረዱ። ይህ የእኔ ልክ ነው፣ ከልምድ። መቄት ላይ አክስቴ በጨለማ ተነስተው ከብት ያስወጣሉ። ደሴ ላይ ግን ሌሊት መጸዳጃ ቤቱን አጥተው የወጥ ቤቱን በር ይገፉ ነበር። በጨለማ ቤታቸውን የሚያውቁት በእግራቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አደረግን፣ በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰርን። አበቃ።

ሥራ ስጧቸው። «አርፈው ይቀመጡ» ማለት ክብር ይመስለናል፣ ግን ያደነዝዛቸዋል። ምስር ይልቀሙ፣ ባዘቶ ይዘው ይፍተሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን በመጀመሪያው ሳምንት አሳዩአቸው፣ መንገዱን አብራችሁ ደጋግማችሁ ሂዱ። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ቀን ሙሉ ቆልፎ መሄድ ከምንም በላይ ይጎዳል። በየሁለት ወሩ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ማዟዟርም እንደዚሁ።

ባሉበት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ እንደ ቦታው ነው። ደጋው ላይ፣ መቄትም ይሁን ዋድላ ወይም ወረኢሉ፣ ሰውና እርምጃ አላቸው፤ የጎደላቸው የግፊት መለኪያ ነው። በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ግፊታቸውን ይለኩ። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ጎጆው ላይ ይኑር። እንቅርት ካለ፣ ወይም ብርድ ብርድ እያላቸው ከደነዘዙ፣ የታይሮይድ ምርመራ ይጠየቅ። ጨዉ ዮድ ያለው ይሁን፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ከተማ ላይ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መለኪያው አለ፤ የጎደለው እርምጃና ሰው ነው። አማቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቀኑን ቴሌቪዥን ፊት ነው ያሳለፉት። ያኔ ባውቅ ኖሮ በየቀኑ ጠዋት አስወጣቸው ነበር።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስትገቡ መጀመሪያ ይህን ተናገሩ፦ «ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ድሮ ይህን ይህን ይችሉ ነበር፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ይህ ቀነሰ።» ግፊት፣ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ቢ12፣ ዓይንና ጆሮ እንዲታይላቸው ጠይቁ። አታፍሩ። እኔ ነርስ ሆኜ እንኳ ከዚያ ክሊኒክ «ማርያም ናት ያሉት እኮ ልክ ነው» ሳልል ወጥቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እውነት የመርሳት በሽታ ሆኖ ከተገኘም ደብተሩ ሥራውን አይጨርስም። የአማቴ ደብተር ላይ አሁን የሚጻፈው ምን ሲደረግ እንደሚረጋጉ ነው። ጠመኔ ሲይዙ ይረጋጋሉ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለንላቸዋል። ፊደሉን ከ«ሀ» ጀምረው ይጽፋሉ፣ ልጄ ተማሪ ሆኖ ከፊታቸው ይቀመጣል።

የአክስቴ ቀጣይ የቡና ምዘና ኅዳር 21 ነው፣ ጽዮን ማርያም። ቀኑን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።